የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቺፑን ከመጣላችሁ በፊት ክሎኩን ለኩ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁሉም ስለ ዲጂታል አምፕሊፋየር ቺፕ ናቸው። ቁጥር ተቀብላ ድምፅ ስለምታወጣው፣ ከጥፍር ስለማትበልጠው ነገር።

በሱቄ ጠረጴዛ ሥር አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አለ። ደንበኞች "ተቃጥላለች" ብለው ጥለዋቸው የሄዱ ትንንሽ ቦርዶች ያሉበት ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሥራ ሲያቀዘቅዝ አንድ በአንድ አውጥቼ ሞከርኳቸው። አብዛኞቹ ያለ ምንም ችግር ዘፈኑ። በሰው ገንዘብ ያንገበግበኛል። ስንቱ ተበድሮ፣ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ አስልኮ ያስመጣው ዕቃ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለክሎክ፣ ለቺፗ ምት ለሚመታላት ምልክት፣ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ

"ይድረስ ለእትዬ። ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የማመላልስ ባለ ጀልባ ነኝ። ተሳፋሪ ሲገባ 'የሕይወት አድን ጃኬታችሁን ልበሱ' የሚል ድምፅ በራሱ እንዲናገር ፈልጌ የእህቴ ልጅ ኢኤስፒ 32 በምትባል ፕሮግራም በሚጫንባት ትንሽ ቦርድ ሠራልኝ። ድምፁን የምታወጣው ማክስ 98357ኤ የምትባል ቦርድ ናት። ቤት ስንሞክራት አንዳንዴ ትናገራለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች፣ አንዳንዴ ትንሿሿለች። ጀልባው ላይ ስንገጥማት ጭራሽ እምቢ አለች። ሁለተኛ ገዛሁ፤ ያው ነው። ልጁ ድምፁን የቀዳሁት በሰከንድ 22,050 ናሙና ነው ይላል። ሳጥኑ መሪው ጋ ነው። ቦርዷን ስፒከሩ ጋ ስላደረግናት በመሀል 3 ሜትር ሽቦ አለ። ሦስተኛ ልግዛ ወይስ ልተወው?"
ባለ ጀልባ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ጋሼ፣ ሦስተኛ አይግዙ። እንዳይተዉትም። የሰው ነፍስ የሚጠብቅ ሥራ ነው የጀመሩት። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ሲያነሣ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ይህች ቺፕ እንደ ድሮው አምፕሊፋየር ድምፅ ተቀብላ የምታጎላ አይደለችም። በሽቦው የሚመጣላት ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የምትለውጠውም፣ የምታጎላውም ራሷ ናት። ቁጥሩ ግን ብቻውን ትርጉም የለውም። መቼ ይነበብ? የግራው ነው የቀኙ? ይህን የሚነግሯት ሁለት ሽቦዎች አሉ። ክሎክ የምንላቸው እነሱን ነው።

ማኅሌት ቆመው ያውቁ ይሆናል። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ያነሣል፤ ሌላው ተራው ሲደርስ ይቀበላል። መሀል ላይ ከበሮው አለ። ቢት ክሎክ የሚባለው ሽቦ ከበሮው ነው። በእያንዳንዱ ምት አንድ ቢት፣ 0 ወይም 1፣ ይነበባል። ኤል አር ክሎክ የሚባለው ተራውን የሚለየው ነው። ዝቅ ሲል ተራው የግራ፣ ከፍ ሲል የቀኝ ነው። ሦስተኛው ሽቦ፣ ዳታው፣ ቃሉ ነው። ቃሉ ምንም ቢያምር ከበሮው ከተሳተና ተራው ከተዘበራረቀ ማኅሌት አይወጣውም።

ይህን የሦስት ሽቦ ሥርዓት ያወጣው ፊሊፕስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986። አይ-ቱ-ኤስ ይባላል። ይኸው እስከ ዛሬ እንሠራበታለን።

አሁን ወደ እርስዎ ቦርድ እንምጣ። የኤል አር ክሎክ ፍጥነት ድምፁ የተቀዳበት ፍጥነት ራሱ ነው። ማክስ 98357ኤ የምትቀበላቸው ፍጥነቶች የታወቁ ናቸው፤ 8፣ 16፣ 32፣ 44.1፣ 48፣ 88.2 እና 96 ኪሎ ኸርዝ። ሌላ አትቀበልም። የአምራቹ ሰነድ 11.025፣ 12፣ 22.05 እና 24 እንደማይሆኑ በግልጽ ጽፏል። የእህትዎ ልጅ የቀዳው በ22.05 ነው። የተከለከለው ላይ ወድቋል።

ልጁን እንዳይቆጡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሰነዱ መጀመሪያው ላይ "ከ8 እስከ 96 ኪሎ ኸርዝ" ይላል። እንዲህ ሲባል በመሀል ያለው ሁሉ የሚገባ ይመስላል። ግን ዳገት ሳይሆን መሰላል ነው። እግር የሚያርፈው ደረጃው ላይ ብቻ ነው። ይህች ቺፕ ፍጥነቱን በትእዛዝ የሚነግራት የለም። ክሎኩን አይታ ራሷ ነው የምትለየው። የማታውቀው ፍጥነት ሲመጣባት ምን እንደምታደርግ ማንም ዋስ አይሆንም። አንዳንዴ መናገሯ፣ አንዳንዴ መንሿሿቷ ከዚህ ነው የመጣው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ድምፁን በኮምፒውተር ወደ 16 ኪሎ ኸርዝ ይለውጠው። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በ16 የተቀዳ ድምፅ እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ይይዛል። ለንግግር ከበቂ በላይ ነው። ፋይሉን ከለወጠ በኋላ ኮዱ ውስጥ ያለውንም ቁጥር 16000 ማድረግ አለበት። አንዱን ለውጦ ሌላውን ከረሳ ድምፁ ይፈጥናል ወይም ይጎተታል።

ሌላም ይመልከት። ይህች ቺፕ በአንድ የኤል አር ዙር ውስጥ 32፣ 48 ወይም 64 የቢት ክሎክ ምት ትፈልጋለች። 16 ቢት ለግራ፣ 16 ቢት ለቀኝ፣ በድምሩ 32፤ ይሄ ልክ ነው። በ16 ኪሎ ኸርዝ ሲባዛ 512 ኪሎ ኸርዝ ይመጣል። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ በ8 ቢት ልኮ ከሆነ ግን ምቱ 16 ብቻ ይሆናል። አይበቃትም።

ይህን ሁሉ የምቱን ቅርጽ የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ሳይኖር እንዴት እናያለን ለምትሉ፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ተራ መልቲሜትር ውሰዱ። ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። ጥቁሩን ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን የኤል አር ክሎክ እግር ላይ አሳርፉ። ክሎኩ እየሠራ ከሆነ ግማሹን ጊዜ 0፣ ግማሹን 3.3 ቮልት ላይ ስለሚሆን ሜትሩ አማካዩን፣ ወደ 1.6 ቮልት ያሳያል። 0 ወይም ድርቅ ያለ 3.3 ካሳየ ክሎኩ ቆሟል። ቢት ክሎኩንም እንዲሁ ለኩ። ሜትራችሁ የኸርዝ መለኪያ ካለው ደግሞ ኤል አር ክሎኩ ላይ አድርጉት፤ ፍጥነቱን ራሱን ይነግራችኋል። አንድ ቀን የአንድ ልጅ ቦርድ ላይ 1.6 ፈልጌ 0.2 አገኘሁ። ሽቦው በደንብ ገብቶ ይታያል፤ ውስጡ ግን ተበጥሷል። ከ20 ብር የማይበልጥ ሽቦ ሦስት ቺፕ አስገዝቶታል።

የቀረው የ3 ሜትሩ ነገር ነው። ጋሼ፣ ቦርዷን ከስፒከሩ ጋ አንሥተው ኢኤስፒው ካለበት ሳጥን ውስጥ ያስገቧት። የክሎክ ሽቦ አጭር መሆን አለበት። እኔ ከአንድ ጣት ርዝመት ብዙም አላስበልጥም። 512 ኪሎ ኸርዝ ዝግ ያለ ይመስላል። ችግሩ ያለው ግን ምቱ ሲነሣና ሲወድቅ ባለው ስለት ላይ ነው። ስለቱ በረጅም ሽቦ ሲሄድ እየነጠረ ይመለሳል። ቺፗም አንዱን ምት ሁለት አድርጋ ትቆጥራለች። አንድ ምት ሲሳሳት ቢቶቹ ሁሉ ቦታቸውን ይለቃሉ። ጀልባ ላይ ደግሞ የሞተሩ እሳት አለ። ቤት ውስጥ እያንገራገረች የሠራችው ጀልባው ላይ እምቢ ያለችው ለዚህ ይመስለኛል።

በክሎኩ ሽቦ አጠገብ ሁልጊዜ የግራውንድ ሽቦ ይሂድ። ኢኤስፒው ጋ ባለው የቢት ክሎክ ጫፍ ላይ 33 ኦም ሬዚስተር በመሀል ያስገባበት፤ ንጥረቱን ያበርደዋል። የሚረዝመው የስፒከሩ ሽቦ ይሁን። ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ጥለት ፈትል አጠማዟቸው። ከሁለቱ አንዱንም ከጀልባው ብረት ወይም ከግራውንድ ጋር እንዳታገናኙ፤ ሁለቱም ጫፎች ይሠራሉ። የሚሰካ ሽቦ ደግሞ ጀልባ ላይ አይሆንም። ሞተሩ ያንቀጠቅጠዋል፣ እርጥበቱ ያዝገዋል። በሶልደር ይያያዝ።

ጥያቄ

"ፖሊ ካምፓስ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን ከተሰበረ ቴሌቪዥን ቲኤኤስ 5711 የተባለ አምፕሊፋየር ቺፕ ያለበትን የድምፅ ቦርድ አወጣን። ራስበሪ ፓይ ከምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኘነው። ቢት ክሎክ፣ ኤል አር ክሎክና ዳታ ደርሶታል፤ ሎጂክ አናላይዘር ላይ አይተናል። ድምፅ ግን የለም። ማስተር ክሎክ የሚል እግር አለው፤ ባዶ ነው። ጓደኛዬ 12.288 ሜጋ ኸርዝ ኦሲሌተር፣ ምት የሚያመነጭ ዕቃ፣ እንግጠምለት ይላል። ልክ ነው?"
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እህቴ፣ ከማማረርሽ በፊት መለካትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ጓደኛሽ ግማሹን አግኝቶታል።

ቺፖች በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ከቢት ክሎኩ ላይ ተነሥተው የሚያስፈልጋቸውን ፈጣን ክሎክ፣ ማስተር ክሎክ የሚባለውን፣ ውስጣቸው ራሳቸው ያወጣሉ። ማክስ 98357ኤ እንዲህ ያለች ናት። ቲኤኤስ 5805ኤምም ማስተር ክሎክ አይጠይቅም። ሌሎቹ ግን ፈጣኑን ክሎክ ከውጭ ተሠርቶ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። ቲኤኤስ 5711 ከነዚህ ነው። ያለ ማስተር ክሎክ አይሠራም። ራስበሪ ፓይ ደግሞ ባለ 40 እግሩ ማያያዣ ላይ ለአይ-ቱ-ኤስ ማስተር ክሎክ የለውም። ቢት ክሎክ በእግር 12፣ ኤል አር ክሎክ በ35፣ ዳታ በ40 ይወጣል። በቃ።

12.288 ሜጋ ኸርዝ ሲካፈል ለ48 ኪሎ ኸርዝ 256 ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። ችግሩ ምንጩ ነው። ፓይው በራሱ ክሪስታል ይመታል፤ የምትገጥሙት ኦሲሌተርም በራሱ። ሁለቱም "48" ቢሉም እኩል አይደሉም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን እንኳ በሰከንድ 2.4 ናሙና ይዛነፋል። ቺፑ የሚፈልገው ማስተር ክሎኩና ኤል አር ክሎኩ ከአንድ ሥር የወጡ፣ በሙሉ ቁጥር የሚካፈሉ እንዲሆኑ ነው። የምቶቹ ጫፍ እኩል መነሣት የለበትም። ቁጥሩ ግን አንድም ሳይጎድል መጠበቅ አለበት። ካልተጠበቀ ቺፑ የክሎክ ስሕተት ነው ብሎ ይዘጋል፤ ወይ ጠቅ ጠቅ ይልባችኋል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ኦሲሌተሩን የሁሉም አባት አድርጉት። 74ኤችሲ4040 የምትባለውን ቆጣሪ ቺፕ ፈልጉ። ርካሽ ናት። 12.288ቱን ስጧት። ለ4 የሚካፈለው እግሯ 3.072 ሜጋ ኸርዝ ይሰጣችኋል፤ እሱ ቢት ክሎካችሁ ነው። ለ256 የሚካፈለው 48 ኪሎ ኸርዝ ይሰጣል፤ እሱ ኤል አር ክሎካችሁ ነው። በመሀላቸው 64 ምት አለ ማለት ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ይህች ቆጣሪ የምትቆጥረው ምቱ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ኤል አር ክሎኩ የሚለወጠው ቢት ክሎኩ ከወደቀ በኋላ ነው፤ አይ-ቱ-ኤስም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ፓይውን ክሎክ ሰጪ ሳይሆን ተቀባይ እንዲሆን አዘጋጁት። ዳታውን ብቻ ይላክ። ሁሉም ነገር በ3.3 ቮልት ይሁን፤ ፓይው 5 ቮልት አይችልም።

ይህን ከሠራችሁ በኋላም ዝም ቢል አትደንግጡ። ቲኤኤስ 5711 በአይ-ቱ-ሲ፣ ለቺፕ ትእዛዝ በሚላክባቸው ሁለት ሽቦዎች፣ ካልቀሰቀሳችሁት ተኝቶ ይቆያል። መጀመሪያ ክሎኩ ይረጋ፤ ከዚያ ትእዛዙ ይላክ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ይጠቅማል። በዚህ አሠራር የምታጫውቱት የ48 ቤተሰብ የሆነውን ብቻ ነው። የ44.1 ሙዚቃ አይገባም፤ መጀመሪያ መለወጥ አለበት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው 147 ለ160 የሚባል የማይመች ክፍልፋይ ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ቦርዶች ላይ ሁለት ኦሲሌተር ጎን ለጎን የምታዪው፤ 22.5792 ሜጋ ኸርዝ ለ44.1፣ 24.576 ሜጋ ኸርዝ ለ48። ሁለቱም 512 እጥፍ ናቸው። 44.1 የሚባለው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ? ከቪዲዮ ካሴት ነው። ሲዲ ገበያ ላይ ከዋለበት ከ1982 እ.ኤ.አ. በፊት ዲጂታል ድምፅ የሚቀዳው በቪዲዮ ቴፕ ላይ ነበር። በአንድ መስመር 3 ናሙና፣ በአንድ ምስል መስክ 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 መስክ። አባዢው፤ 44,100 ይመጣል። በሰከንድ 50 መስክ ባለው ሥርዓትም 294 መስመር ተጠቅመው እዚያው ደረሱ። ይህን መጀመሪያ ስሰላ እርሳሴን ይዤ ብዙ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ዛሬም ስሰላው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ

"እትዬ፣ የማክስ 98357ኤ ቦርዷ እየዘፈነች ሳለ ሽቦ ላስተካክል ብዬ አንዱን ነቀልኩ። ስፒከሩ ጓ ብሎ ወደ ውጭ ተገፋና እዚያው ቀረ። ምን እንደሆነ እያየሁ ሳለ ሸተተኝ። ስፒከሩ ሞተ። ቺፗ ግን አሁንም ትሠራለች። ምን ነካው?"
ከአባይ ማዶ

መልስ

ወንድሜ፣ የነቀልከው ኤል አር ክሎኩን ነው። እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው እኔም አንድ ቀን ይህንኑ ስላደረግኩ ነው።

የማክስ 98357ኤ ሰነድ ማስጠንቀቂያ አለው። ቢት ክሎኩ እየመታ ሳለ ኤል አር ክሎኩን አታንሡ ይላል። ከተነሣ ውጤቱ አይታወቅም፤ ከፍተኛ ዲሲ ቮልት በስፒከሩ ላይ ሊወጣ ይችላል። ድምፅ ማለት ወዲያና ወዲህ የሚል ቮልት ነው። ዲሲ ግን ወደ አንድ ወገን ገፍቶ ይይዛል። ስፒከሩ ውስጥ ያለው የጥቅል ሽቦ እየተነፈሰ የሚበርደው ሲንቀሳቀስ ነው። ተገፍቶ ሲቆም ይጋላል። በ5 ቮልት፣ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ቢበዛ 6.25 ዋት ነው፤ ያለ ማቋረጥ። ያንተ ስፒከር 3 ዋት ከሆነ የት ይደርሳል?

የእኔ 4 ኦም ነበር። ለአንዲት ዓይነ ስውር ልጅ የሚያነብላት መሣሪያ እየሠራሁ ነበር። ወረቀቱ ወደ ፊት ተወጥሮ ሲቀር ዓይኔ አየው፤ እጄ ግን ቶሎ ባትሪውን አላላቀቀም። በጣቴ ነካሁት፤ ድርቅ ብሏል። ከዚያ የቫርኒሽ ሽታ መጣ። ያ ስፒከር የእሷ ነበር። ሌላ ገዝቼ ተካሁላት። ከዚያ ወዲህ ኃይል ሳላጠፋ ሽቦ አልነካም።

በእጅ ሳይነቀልም ይህ ይደርሳል። ኮድህ ዘፈኑን ሲጨርስ አንዱን ክሎክ ቀድሞ ካቆመ ያው ነው። እንዲህ አድርግ። ዘፈን ሲያልቅ ክሎኮቹን አታቁም፤ ዳታው ላይ ዜሮ ላክ። ዝምታ ይወጣል፤ ምቱ ግን ይቀጥላል። ባትሪ መቆጠብ ካለብህ ኤስዲ የሚለውን እግር መጀመሪያ ወደ ግራውንድ አውርደው። ቺፗ ትተኛለች። ከዚያ ሁለቱን ክሎኮች አብረህ አቁም። ስትነሣ ደግሞ በተቃራኒው፤ መጀመሪያ ክሎኮቹ፣ በመጨረሻ ኤስዲ። ይህ እግር 3.3 ቮልት ሲደርሰው ቺፗ የግራውን ድምፅ ብቻ ስለምታወጣ፣ ድምፅህን በግራው በኩል ላክ።

ጥያቄ

"የጎርጎራ አካባቢ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ተማሪዎቼ በማክስ 98357 ቺፕ ትንሽ ማጫወቻ ሠሩ። የአንዳንዱ ፋይል ድምፅ ልክ ነው። የአንዳንዱ ግን በጣም ይፈጥናል፤ የትልቅ ሰው ድምፅ የሕፃን ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ በጥቂቱ ብቻ ቀጠን ይላል።"

መልስ

መምህር፣ ሁለት ስሕተት ነው ያለው። እጥፍ የሚፈጥነው ሞኖ ፋይል እንደ ስቴሪዮ ሲነበብ ነው። አንዱ ናሙና ለግራ፣ ቀጣዩ ለቀኝ እየሄደ በግማሽ ጊዜ ያልቃል። እያንዳንዱን ናሙና ሁለቴ ይላኩት። በጥቂቱ የሚቀጥነው ደግሞ በ44.1 የተቀዳው በ48 ክሎክ ሲጫወት ነው፤ 9 በመቶ ያህል ይፈጥናል። ፕሮግራሙ የፋይሉን መግቢያ አንብቦ ክሎኩን እንደዚያው ይለውጥ። ክሎክ ሲቀየር ኤስዲውን አስተኝተው፣ ቀይረው፣ ያስነሡት።

ፍጥነቱ ልክ ሆኖ ድምፁ የሚሻክር ከሆነ የቺፑን ስም የመጨረሻ ፊደል ይዩ። ኤ ከሆነች አይ-ቱ-ኤስ ናት፤ ቃሉ የሚጀምረው ተራው ከተለወጠ ከአንድ ምት በኋላ ነው። ቢ ከሆነች ወዲያው ነው የሚጀምረው። ኮዱ ለአንዷ ተጽፎ ሌላዋ ከተገጠመች ቢቶቹ በአንድ ቦታ ይንሸራተታሉ።

ጥያቄ

"ለማክስ 98357ኤ ውድ ኦሲሌተር ብገዛላት ድምፁ ይጠራል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?"
ከባሕር ዳር

መልስ

ለዚህች ቺፕ አይግዙ። የምቱ መዋዠቅ እስከ 12 ናኖ ሰከንድ ድረስ እንደምትችል አምራቹ ጽፏል፤ ይህ ሰፊ ነው። ተራ ክሪስታል ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚዋዥቀው። ገንዘቡን ለጥሩ ስፒከርና ለስፒከሩ ሣጥን ያውሉት። የ5 ቮልት ምንጭዎም ደካማ ከሆነ ድምፁ ከፍ ሲል ይቆራረጣል፤ ከቺፗ አጠገብ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ያስቀምጡላት።

ባለ ጀልባው ጋሼ፣ ልጁ ፋይሉን ከለወጠ በኋላ ካልሠራ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ሳጥኑን ይዘውልኝ ይምጡ። ሁለቱንም ቦርዶች ያምጧቸው፤ አንዷን መለዋወጫ አድርገን ሳጥኑ ውስጥ እንለጥፋታለን።